የሰይድ አስራ ሁለት ቃላት

ይህን ነገር ለሚስቴም አልነገርኳትም። በየሶላቱ "ወንጀሌን ማረኝ" እላለሁ እንጂ ወንጀሉን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ዛሬ ልጥራው። እኔ አማና፣ የሰው አደራ፣ በላሁ።

መርሳ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጓደኛዬ ሰይድ ከሱቄ ጎን ኮምፒውተሩን ዘርግቶ ለውጭ አገር ሰዎች አርማና ፖስተር ይነድፍ ነበር። የሚከፍሉት በክሪፕቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ባለ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ባንክ የለው፣ ደብተር የለው፤ ቁልፉ አስራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ስልኩ ቢጠፋ ቃላቱን በሌላ ስልክ አስገብቶ ገንዘቡን መልሶ ያገኘዋል። ቃላቱም አብረው ከጠፉ ግን የሚመልስ የለም፤ አቤት የሚባልበት ቢሮም የለም። የሦስት ዓመት ልፋቱ፣ ማተሚያ ቤት ሊከፍትበት ያሰበው ሁሉ እዚያ ነበር።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ቃላቱን በሁለት ወረቀት ጻፈ። አንዱን ራሱ ያዘ፤ ሌላውን ለእኔ በአማና ሰጠኝ። ፎቶ እንዳላነሳው፣ ለማንም እንዳላሳየው አስጠነቀቀኝ። ካፖርቴ ገበር ውስጥ ሰፋሁት። ማን ይደርስበታል? እንዲያውም በስፌቴ ኮራሁ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ስልክ ተቋርጧል፣ መብራት የለም፤ የቀረን ወሬ ብቻ ነበር። ሰላይ ተብሎ ቤቱ የተፈተሸ ሰው አለ ተባለ፤ የተገኘበትም ቁጥር ያለበት ወረቀት ነው ተባለ። የእኔስ ወረቀት ምንድን ነው? ተራ ቁጥር የተሰጣቸው፣ እርስ በርስ የማይገናኙ የፈረንጅ ቃላት። ቢጠይቁኝ ምን ልመልስ ነው? ገበሩን ተረተርኩና ወረቀቱን የከሰል ካውያዬ ውስጥ ከተትኩት። ልብ በሉልኝ፤ ማንም በሬን አላንኳኳም ነበር።

በፍርሃት አቃጠልኩት ብዬ ብቻ ብናዘዝ ትራሩልኝ ይሆናል። ፈሪ ነኝ፣ የልጆች አባትም ነኝ። ወንጀሌ ግን ከሁለት ቀን በኋላ የሆነው ነው።

ሰይድ እናቱን ይዞ በእግር ወደ ውርጌሳ ሊወጣ ሲል ሱቄ ጎራ አለ።

"አማናዬ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው፤ አታስብ" አልኩት።

ለምን እንዲህ አልኩ? እናቱ በር ላይ ቆመዋል፤ በእሳቸው ፊት አማና በላ መባልን ፈራሁ። ደግሞም ስልኩ በእጁ ነው፣ ሲመለስ እነግረዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ይኼኔ የራሱን ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

"እንግዲያው ይሄን ይዤ በየኬላው አልጉላላም። ያንተ ይበቃኛል።"

የካውያውን ክዳን ከፍቶ ፍሙ ላይ ጣለው። ወረቀቱ ወዲያው አልተያያዘም። እጄን መስደድ እችል ነበር፤ አልሰደድኩም። አንድ ቃል መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። እኔ ቆሜ አየሁ። እናቱ "አላህ ይጠብቅህ" ብለው መረቁኝና ሄዱ።

ስልኩን መንገድ ላይ ቀሙት።

ጦርነቱ አልፎ ሲመለስ መጀመሪያ የመጣው እኔ ዘንድ ነው። ቤቴን ፈትሸው ካፖርቱን ወሰዱት አልኩት። ማን ይጠራጠረኛል? ያልተዘረፈ ቤት የት አለና? አገር ሁሉ የእውነቱን ሲያለቅስ እኔ ውሸቴን ከለቅሶው መሃል ደበቅኩት። ሰይድ አቀፈኝ።

"አንተ ተርፈህልኝ ወረቀት ልጠይቅህ? አውፍ ብየሃለሁ" አለኝ።

አሁን ግራና ከተማ፣ ገበያው ላይ ሽንኩርት ይጭናል። ለዒድ ልብሱን እኔ ዘንድ ያሰፋል፤ ዋጋ አልቀበልህም ስለው ደግነት ይመስለዋል። ይባስ ብሎ እምነት የሚጣልበት ሰው ሲፈለግ የእኔን ስም ይጠራል።

አውፍ ያለኝ ለዘራፊዎቹ ጥፋት ነው። የእኔን ጥፋት አያውቀውም፤ ያላወቀውን እንዴት ይቅር ይለኛል? ለእናንተ መናዘዜንም ድፍረት ብላችሁ አትቁጠሩልኝ። እናንተ ምንም አልጠፋባችሁም። የጠፋበት ሰው ዛሬም ሲያየኝ ከሩቅ ፈገግ ይላል።