ቫልስ በቡና ስጥ ላይ

ባለፈው ኅዳር ለዘመድ ለቅሶ ቴፒ ሄጄ በድሮው እርሻ በኩል ሳልፍ፣ ፀሐይ የመታው እሸት ቡና የሚያወጣው ያ ጣፋጭም ኮምጣጣም ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባና እግሬ በቆመበት ቀረ። ቡናው ግን እኔ በማውቀው ቦታ አልነበረም። ዛሬ የሚሰጣው ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ነው፤ ልጃገረዶች ግራና ቀኝ ቆመው በእጃቸው ያገላብጡታል፤ ጥራቱም ጨምሯል አሉኝ። ይጨምር፣ ማን ጠላ! እኔ ያደግሁበት ሰፊ የሲሚንቶ ማስጫ ግን በስንጥቁ ሣር በቅሎበት ባዶውን ተኝቷል። እዚያ ላይ ቡና የሚገለበጠው በእግር ነበር።

እናቴ ሐና ከገልባጮቹ አንዷ ነበረች። በባዶ እግሯ ስጡ ውስጥ ገብታ እግሯን ሳታነሣ እየጎተተች ከዳር እስከ ዳር ስትሄድ፣ ከኋላዋ ቀጥ ያለ ትልም ይቀራል፤ ስትመለስ ደግሞ ሌላ። እግሩን እያነሣ የሚረግጥ ሰው ፍሬውን ስለሚያደቀው ካቦው ሲጮህበት ይውላል። በእናቴ ላይ ጮሆ አያውቅም። ቢሆንም ይህን ሙያ ብሎ የቆጠረላት አልነበረም፣ ሙሴ አርቲን እስኪመጣ ድረስ።

ሙሴ አርቲን አርመን ነበር። ወደ ቴፒ የመጣው የቡና መፈልፈያውን ማሽን ሊጠግን ቢሆንም፣ እሱን ብትጠይቁት ሙያው ዳንስ ማስተማር ነው። አዲስ አበባ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ለሹማምንት ልጆች ቫልስ የሚባለውን፣ ጥንድ ሆነው እየዞሩ የሚደንሱትን የፈረንጅ ዳንስ ሲያስተምር ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞትበት ከሌላ ሰው ጋር መደነስ አላስችል ብሎት የመፍቻ ሣጥኑንና የሸክላ ማጫወቻውን ይዞ እኛ ዘንድ መጣ። ከሥራ ሲወጣ በረንዳው ላይ ሸክላውን ያስጀምርና ግራ ክንዱን ዘርግቶ፣ ቀኙን ሰው እንዳቀፈ አጥፎ ብቻውን ይዞራል። እኛ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» እያልን እንቆጥርለታለን። አይቆጣም፤ አቆጣጠራችን ሲፈጥን ብቻ ቆሞ ያርመናል። የከተማው ሰውም ስሙን ትቶ «ሙሴ አንድ-ሁለት» ይለው ጀመር።

ልማር ብሎ የመጣ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ያፍራሉ፣ ባሎች ይቆጣሉ። እኛ ደግሞ ጴንጤዎች ነን፤ ዘፈን ኃጢአት ነው፣ ዘፈን ቤት የተገኘ ከኅብረት ይታገዳል። ባሏ ለሞተባት እናቴ ደግሞ ኅብረቱ ዘመድም ዕድርም ነበር፤ አባቴን ተሸክመው የቀበሩልን እነሱ ናቸው።

አንድ ጠዋት ሙሴ አርቲን መፍቻውን እንደያዘ በማስጫው ሲያልፍ እናቴን ስትገለብጥ አየና ቆሞ ቀረ። እግር ከወለል እንዳይለይ ለማስተማር ስንት ወር እንደሚፈጅበት ለካቦው ነገረውና፣ «እሷን ማን አስተማራት?» አለው። ካቦው «ቡናው ነዋ» አለና ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሴ አርቲን ባርኔጣውን እያወለቀ አንድ ቫልስ፣ አንድ ብቻ፣ እያለ ይለምናት ገባ። እሷም ራሷን ዝቅ አድርጋ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አይሆንም» ትለዋለች። ይህ ወራት ቆየ። እኔ ግን እናቴ ስትዞር ማየት በጣም ያምረኝ ስለነበር በሆዴ አኮርፋት ነበር።

በኋላ ጉልበቱ አበጠና መራመድ አቃተው፤ እህቱ ወዳለችበት አገር ሊሄድ ተነሣ። ሊሰናበት ማስጫው ድረስ በምርኩዝ መጣና ሁሉንም እየዞረ ጨበጠ። እናቴ ጋ ሲደርስ ስለ ቫልስ ምንም አላነሣም። ይመስለኛል ያሸነፋት ይሄ አለመጠየቁ ነው። ያበጠ ጉልበቱን አየት አደረገችና፣ «ሙሴ፣ ሸክላ ከሌለ ዘፈን የለም» አለችው። «ቡናው እንደሆነ መገልበጡ አይቀርም። ጫማዎን ያውልቁና ይግቡ።»

ምርኩዙን ለእኔ ሰጠኝ። ሱሪውን ሲጠቀልል እንደ ተላጠ ሙዝ የነጣ እግሩ ብቅ አለና ገልባጮቹ ሳቃቸውን በነጠላ ጫፍ አፈኑት። ክንዱን ከወገቧ በስንዝር አርቆ፣ በሹክሹክታ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ጀመረ። ከሱ ድምፅና እግራቸው ሥር ከሚንሿሿው ቡና በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። የሚያነክሰው ሰው ማነከሱን ተወ። እናቴ፣ ሁልጊዜ አንገቷን ደፍታ የማውቃት እናቴ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ዞረች። ከኋላቸውም ቀጥ ባሉት ትልሞች መሐል ክብ በክብ የተያያዘ መንገድ ቀረ።

ወሬው ደርሷቸው ኖሮ በዚያው ዕለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ ማስጫው ድረስ መጡ። እኔ በፍርሃት የእናቴን ቀሚስ ይዣለሁ። «ሐና፣ ዘፈን ነበረ?» አሏት። «አልነበረም። ቡና ነው የገለበጥነው» አለች። ጋሽ ጴጥሮስ ራሳቸው ቡና ገበሬ ናቸው፤ ክቦቹ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ፍሬውን አንሥተው ላይና ታቹን አገላብጠው አዩ። «በደንብ ተገልብጧል» አሉና ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

ሙሴ አርቲን ሄዶ በዚያው ጠፋ። እናቴም ነገሩን አንሥታ አታውቅም፤ በኅብረቷ መሐል ኖራ፣ በኅብረቷ እጅ ተቀበረች። ልትሞት ሰሞን ብቻ አንድ ከሰዓት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ «ጋሽ ጴጥሮስን ዋሽቻቸዋለሁ» አለችኝ። ምኑን ብላት፣ «ዘፈን ነበር። እዚህ ውስጥ ነበር» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

በዚያ በኅዳሩ ቀን እነዚያ ልጃገረዶች እንዳይስቁብኝ ጀርባ እስኪሰጡኝ ጠብቄ፣ ጫማዬን አውልቄ ሲሚንቶው ላይ ወጣሁ። እናቴ በጣም ናፈቀችኝ። እግሬን ሳላነሣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ አንዴ ዞርኩና ወደ ኋላዬ አየሁ። ትልም አልነበረም።