ዋግ የመሰለው የሳሎን ሐረግ

ስለ አንድ የቤት ውስጥ ተክል መጻፍ የአንባቢን ጊዜ ማባከን እንዳይሆን ፈርቼ ይህን ጽሑፍ ደጋግሜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ሌሎች ተማሪዎች ስለ ትልልቅ ነገር ሲጽፉ እኔ ቅጠል ይዤ መምጣቴ ያሳፍረኛል። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የዶርም ጓደኛዬ በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ የነከረቻትን ቁራጭ ሐረግ መስኮታችን ላይ ስታስቀምጥ፣ በአረንጓዴው ላይ ቢጫ የተረጨበትን ቅጠል አይቼ በእጄ የያዝኩትን የሻይ ኩባያ ለቀቅሁት። ጓደኛዬ እባብ ያየሁ መስሏት አልጋ ላይ ወጣች።

ሮቤ ባለው ቤታችን እንዲህ ያለ ሐረግ ነበረን። በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ተተክሎ፣ እናቴ በመታቻቸው ሚስማሮች ላይ በስፌት ክር እየታሰረ፣ ከመስኮቱ ተነሥቶ የሳሎኑን ግድግዳ ይዞር ነበር። ወደ ብርሃኑ ያሉት ቅጠሎች ቢጫና ነጭ ይበዛባቸዋል፤ ጨለማው ጥግ የደረሱት ግን አረንጓዴ ብቻ ይሆናሉ። እናቴ ከሱቅ ስትመለስ ሻሿን ሳትፈታ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ እሱ ነው፤ ቅጠሎቹን ወተት በነካ ጨርቅ አንድ በአንድ ትወለውላለች፣ የሩዝ ማጠቢያ ውሃ ታጠጣዋለች፣ የኅዳር ውርጭ ሲጀምር ደግሞ ጋቢ ታለብሰዋለች። ሚኒባስ የሚነዳው አባቴ ከጎባ ብርድ መትቶት ሲገባ ጋቢው የት ሄደ ብሎ ይጠይቅና፣ ተክሉ እንደለበሰው ሲነገረው፣ ይህ ልጅ በመጪው ዓመት ትምህርት ቤት ይመዝገብ እያለ ያስቀን ነበር።

ጎረቤቶች ቁራጭ ሲለምኗት፣ ስኳርም ሆነ ዘይት የማትከለክለው እናቴ፣ ቢላ ከነካው ይቀየማል ብላ ትመልሳቸዋለች። እውነተኛውን ምክንያት የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን። ሐረጉን የሰጠቻት ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ መዲና ናት። መዲና ጎባ ነርስ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ከነልጇ ሞተችብን። ከእሷ እጅ የቀረልን ሕይወት ያለው ነገር ያ ሐረግ ነበር።

የሁለቱ እህትማማቾች አባት፣ እኛ በኦሮምኛ አካኮ እያልን የምንጠራቸው አያቴ፣ ይህን አያውቁም ነበር። ገሰራ በሚባል ወረዳ ስንዴ ያርሱ ነበር። የመዲና ስም በተነሣ ቁጥር ምግብ ስለሚተዉ እናቴ በፊታቸው ስሟን መጥራት አቁማ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አካኮ ዓይናቸውን ለመታከም መጥተው እኛ ቤት ሰነበቱ። ሞራ ሸፍኗቸው ስለነበር ከሐረጉ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ እንጂ ግድግዳው ላይ ምን እንዳለ አያዩም። ሞራው በቀዶ ሕክምና ተነሥቶላቸው፣ ፋሻው በተፈታ ማግስት፣ ሁላችንም ወጣንና ብቻቸውን ቀሩ። በዚያ ዓመት ስንዴያቸውን ዋግ መትቶባቸው ነበር። ዋግ ቅጠል ላይ እንደ ቢጫ ዱቄት ይጀምርና ቶሎ ካልተደረሰበት ማሳውን ሁሉ ያዳርሳል፤ በእኛ አገር ስሙ ሲጠራ የማይደነግጥ ገበሬ የለም። አካኮ ከስንት ዘመን በኋላ በጠራ ዓይን ቀና ሲሉ ያዩት ታዲያ ቢጫ የተረጨበት ቅጠል ግድግዳውን ሲወርር ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ላምባ ላምባ ይሸታል። አካኮ እጅጌያቸውን ሰብስበው እሳት ይቆሰቁሳሉ። እሳቱ ውስጥ ያለውን ሳላውቅ ሳሎን ገባሁ። ሚስማሮቹ የክር ቁራጭ ብቻ ይዘው ቀርተዋል፤ ቅጠል ሸፍኖት በኖረው ቦታ ላይ የግድግዳው ቀለም እንደ አዲስ ያበራል። ሮጬ ስወጣ እናቴ ፌስታሏን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቆማለች።

«ኢንተላ ኮ፣» አሏት አካኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ዋግ ቤትሽ ገብቶ ዝም ትያለሽ? ደግነቱ እኔ ደረስኩበት። ሥሩንም አላስቀረሁለት።»

የማን እንደነበረ ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ትከሻዬን እስኪያመኝ ጨመቀችው።

«እጅዎን ይታጠቡ አባ፣ ላምባ ነክቶታል» አለችና ጆግ አምጥታ ራሷ አስታጠበቻቸው። ውሃውን አንድ ጠብታ ሳታዛንፍ በእጃቸው ላይ አወረደችው። ከተቃጠለው ሐረግ ይልቅ ይህ ነው ያስደነገጠኝ።

ከዚያ በኋላ አካኮ በመጡ ቁጥር ለእንግዳው ሁሉ ይህንኑ ያወራሉ፤ ሐረጉም በወሬያቸው እያደገ ጣሪያ እስከ መሸፈን ደረሰ። እናቴ፣ አዎ፣ አባ ባይደርሱልን አልቆልን ነበር ትላለች። አባቴ የመኪናውን ጎማ ለማየት ይወጣል።

ባለፈው ክረምት አካኮ ጎባ ሐኪም ቤት ተኙ። አንድ ቀን ከሰዓት እናቴን ጠጋ በይ አሏት።

«ያ ያቃጠልኩት ተክል ከየት የመጣ ነበር?»

«ከገበያ ነው አባ። እዚሁ ሮቤ ገዝቼው ነው።»

አካኮ ትራሱ ላይ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«መዲና ‹ዓይንዎ ሲድን ሁለት ቀለም ያለው ቅጠል አሳይዎታለሁ› ትለኝ ነበር። እሱ እንዳይሆን ስፈራ ነው የኖርኩት።»

«አይደለም አባ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ያ ሁሉ ጉራ ለካ ጥያቄ ነበር፤ በየእንግዳው ፊት ሲያነሡት ከአንዳችን አፍ እውነቱ እንዲያመልጥ ይጠብቁ ኖሯል። እኛ ደግሞ ተባብረን ደበቅናቸው።

የዶርም ጓደኛዬ ከሐረጓ ቆርጬ ልስጥሽ ብላኛለች። ለእናቴ ልውሰድላት ብዬ አስቤ ነበር፤ ዝርያው አንድ ነው፣ ቢጫውም ያው ነው። ነገር ግን እናቴ የምትወለውለው ቅጠሉን ብቻ አልነበረም፤ የእህቷ እጅ ያረፈበትን ነበር፤ እሱ ደግሞ ከገበያም ከመስኮትም አይገኝም። አባቷ እንዳይጸጸቱ የከፈለችው ያንን ነው።

አካኮ እናቴን ሐኪም ቤት በጠየቁበት በዚያው ሳምንት አረፉ፤ ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን።