የባቡር ድልድዩና ጥያቄ ሰባት

ከጉኑኖ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ በአዲሱ ድልድይ ከሚሻገርበት በታች፣ ማንም የማይረግጠው አሮጌ ድልድይ አለ። በወንዙ ግራና ቀኝ የድንጋይ ካብ፣ ካቡ ላይ ዝገት የበላቸው ሁለት ረጃጅም ብረቶች። ሳንቃው ተነቅሎ የማን አልጋ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እዚህ አይጻፍም እንጂ። ስሙ የባቡር ድልድይ ነው። በዚህ በኩል ባቡር አልፎ አያውቅም። ግን ስም ካለ ታሪክ የሚያበጅለት ሰው አይጠፋም።

ያበጁለት ጋሽ ደገፉ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት መምህር ነበሩ። በየዓመቱ ሰባተኛ ክፍሎችን አሰልፈው ወንዝ ይወርዱና ብረቱን በዱላቸው መታ መታ እያደረጉ፣ "ይህ ሐዲድ ነው፤ ጣሊያን ጀምሮት ሳይጨርሰው የሄደ" ይላሉ። ማን ነገራቸው? ማንም። ስሙን ሰሙ፣ ጎን ለጎን የተኛ ብረት አዩ፣ የቀረውን ራሳቸው ሞሉት። ወሬም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ወሬ ግን ፈተና ላይ አይመጣም።

የሳቸው መጣ። ጥያቄ ሰባት፦ የባቡር ድልድዩን ማን ሠራው? አንድ ዓመት ቸርነት የሚባል ተማሪ "አያቴ" ብሎ መለሰ። ጋሽ ደገፉ ወረቀቱን ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ኤክስ ገባበት። ቸርነት ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፣ ሁለት ልጆች ወልዷል። ጉኑኖ ላይ ግን ቸርነት ብለህ ብትጠይቅ አታገኘውም። "አያቴ" ካልክ ወዲያው ያሳዩሃል።

ዘንድሮ ወረዳው ድልድዩ አጠገብ ታፔላ ሊተክል አሰበ። የባህል ባለሙያው ሄኖክ የድሮ ተማሪያቸው ነው። "ጋሼ፣ ታሪኩን በአንድ ገጽ ይጻፉልን። የዓይን ምስክር ቢገኝ ደግሞ ጥሩ ነው" አላቸው። ጋሽ ደገፉ ጠይቀው ጠይቀው፣ አባታቸው ለጉኑኖ ባቡር ያመጡ አንዲት አሮጊት ሶዶ መርካቶ እንዳሉ ሰሙ። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ወይዘሮ አረጋሽ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። አባታቸው ገበየው ከጉራጌ አገር መጥተው ጉኑኖ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። ጋሽ ደገፉ ሱቃቸው በር ላይ አገኟቸውና ደብተራቸውን ገለጡ።

"እናቴ፣ ባቡሩን በዓይንዎ አይተውታል?"

"ምን ማየት፣ አብሬው አይደል ያደግኩት።"

"ስንት ፉርጎ ነበረው?"

"እሱን አላውቅም። ቀበቶ ግን ነበረው። ቀበቶው የተበጠሰ ለታ አባቴን ማን ያናግረዋል?"

"ከየት ወዴት ነበር የሚሄደው?"

ወይዘሮ አረጋሽ ትኩር ብለው አዩአቸው። "ባቡር የት ይሄዳል? ሰው ነው እንጂ በቆሎውን ተሸክሞ ወደሱ የሚሄደው።"

የእህል ወፍጮ ነው። የድሮ ሰው ወፍጮን ባቡር ይለዋል። ጋሽ ደገፉ ራሳቸው በልጅነታቸው ባቡር ቤት እየተላኩ ስንት በቆሎ አስፈጭተዋል። ሰው ሲማር ግን እናቱ የምትናገረው ቃል ስህተት ይመስለዋል።

ብረቶቹም ሐዲድ አልነበሩም፤ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጡ ናቸው። ካቡንስ ማን ሠራው?

"ሴቶቹ ናቸዋ" አሉ ወይዘሮ አረጋሽ። "ባቡሩ ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ወንዙ ክረምት ላይ አንዷን ከነእህሏ ወሰዳት። በበጋው አባቴ፣ ለማስፈጨት የምትመጣ ሁሉ ድንጋይ ይዛ ትምጣ፣ ወረፋ በድንጋይ ነው አለ። ትልቅ ላመጣች ቀድሞ ይፈጭላታል። የአንዳንዷ ድንጋይ ከእህሏ ይከብድ ነበር።"

ጋሽ ደገፉ ደብተሩን ከደኑት። ጉኑኖ ሲወርዱ ከፊታቸው የቆመው ባጃጅ የቸርነት ነበር።

"ይግቡ ጋሼ፣ ላድርስዎ።"

ትንሽ እንደሄዱ፣ "አያትህ ስንት ድንጋይ ተሸከመች?" አሉት።

ቸርነት በመስታወቱ አያቸው። "አራት። አንዱ ወገቤን ጎዳኝ እያለች ነው የሞተችው።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አላስረዳኸኝም?"

"ለመልስ የተሰጠን አንድ መስመር ነበራ።"

ሄኖክ ነገሩን ሲሰማ አልተጨነቀም። "ታፔላው የሚለው ታሪካዊ የባቡር ድልድይ ነው። ቃሉ አሁንም ልክ ነው'ኮ ጋሼ። ዝም ቢሉ ማን ያውቃል?"

እውነቱን ነው፤ ማንም አያውቅም። ከሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪዎቻቸው አንዱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። አንዱ ወንጌላዊ ሆኖ ያልተጨረሰውን ሐዲድ በስብከቱ ይጠቅሳል። ይህ ሁሉ ሰው ሊስቅባቸው ነው። ዝም ካሉ ደግሞ የሴቶቹ ድንጋይ የጣሊያን ሆኖ ይቀራል። ጋሽ ደገፉ ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም።

ታፔላው በተተከለበት ቀን ገጹን ይዘው ቆሙ፤ ግን አላነበቡትም።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳስቼ አሳስቻችኋለሁ" አሉ። ወፍጮውን ነገሩ፣ ወረፋውን ነገሩ። "ጥያቄ ሰባትን በትክክል የመለሰው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። እሱንም አስቄበታለሁ።"

ሰው ሳቀ፤ ከፈሩት በላይ ረዘም አድርጎ ሳቀ። ሳቁ በረድ ሲል ቸርነት ከኋላ፣ "ጋሼ፣ ጥያቄው ስንት ማርክ ነበረው?" አለ።

"ሁለት።"

"በሁለት ነው'ኮ ያን ዓመት የወደቅኩት።"

አሁን ማንም አልሳቀም። ሰው ሲበተን ጋሽ ደገፉ ወደ ታች ወረዱና፣ ከካቡ ተንሸራቶ ሣር ውስጥ የተኛ አንድ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ አሉ። አልተነሳላቸውም። ቸርነት ተከትሏቸው ወርዶ ነበር፤ በሌላው ጫፍ ያዘ።

"ቀስ ጋሼ፣ ወገብዎን" አለ። "የተጎዳችው አንዷ ትበቃናለች።"