በወረቀቱ ላይ ያልነበረው ጥያቄ

ደላላው ቤቴ እየተመላለሰ አንድ ቀን እህል አልቀመሰልኝም። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ገበታ ሳቀርብለት «ጾም ነኝ፣ እማማ» አለኝ። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ወቅት ነው። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ ይህን አያውቅም አልልም። ነገሩ አፌ ድረስ መጣ፤ እንግዳን በገዛ ቤቴ ውሸታም ማለት ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት። ሰው የበላበትን ቤት መካድ ይከብደዋል፤ ያልበላን ምን ይከብደዋል? ይህን እያወቅኩ፣ «ፓስፖርቷን ኮፒ ላስደርገው» ሲለኝ ከሳጥን አውጥቼ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ፓስፖርቱ የልጅ ልጄ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ለቡ መብራት ኃይል፣ እዚሁ ቤት አሳደግኋት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ነበር። ዓርብ ቀጣሪዋ በቪዲዮ ታነጋግራታለች ተባለ። ደላላው በእንግሊዝኛ የምትናገረውን አሳትሞ ሰጣት፤ አማርኛው ከጎኑ አለ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ስለቆጠርኩ አማርኛውን አነብላታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

«ቆሻሻውን አወጣለሁ» እላለሁ። መልሷ ውስጥ «ቴክ» የሚል አለ። «ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ።» ቴክ። «አሮጊቷን ወደ መታጠቢያ ቤት እወስዳለሁ።» ቴክ። «ትእዛዝ እቀበላለሁ።» አሁንም ቴክ።

«ቆይ፣ ይኼ ሁሉ አንድ ቃል ነው?»

«አንድ ነው፣ እማዬ። ላለፈ ነገር ብቻ ቱክ ይሆናል።»

«ምስኪን ቃል! የቤቱን ሥራ ሁሉ ብቻውን ነዋ የሚሠራው።»

ሳቀች። እኔ ግን ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ባዶ ነው።

«እረፍት መውሰድስ በምን ቃል ነው?»

«በዚሁ በቴክ።»

«ታዲያ የታለ?»

ሳቋ ጠፋ። አሥራ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣቷን እያስኬደች ወረደች። የለም። እስክሪብቶ አምጪ አልኳት። ከሁሉም በታች «በሳምንት የትኛውን ቀን እረፍት እወስዳለሁ?» ብላ በሁለቱም ቋንቋ ጻፈች።

ዓርብ ደላላው ስልኩን ይዞ መጣ። ውሃ እንኳ አልጠጣም። ልጄ አሥራ ዘጠኙንም ሳትሳሳት ተናገረች፤ ሴትዮዋ ስልኩ ውስጥ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ልጄ እኔን አየት አደረገችና የራሷን ጥያቄ ጠየቀች።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ያስፈራኝም ይኸው ነው። እዚያ ያልነበረች ይመስል ልጅቷን አልፋ ደላላውን ጠራች፣ አንዲት ነገር ተናገረችና ስልኩ ተዘጋ።

«ማነው ይህን ያስተማራት?» አለ ደላላው።

«እኔ ነኝ።»

«እድሏን ዘጉባት፣ እማማ። እዚያ ጥያቄ የምታበዛ አይፈልጉም።»

«የጠየቀችው አንድ ነው። መልሱን ታውቃለህ?»

ተነሣ።

«ፓስፖርቷስ?»

«ቢሮ ነው ያለው» አለና ወጣ።

ልጄ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ነጠላዬን አቀበለችኝና መካኒሳ አቦ ወዳለው ቢሮው አብረን ሄድን። በሩ ላይ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሴት ልጁን ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ፓስፖርት ሰጥታችኋል? መልሷል?» እላለሁ። አንዳንዱ ተመለሰ፤ ብዙው አልፎኝ ገባ። በማግስቱም ሄድን። እኩለ ቀን ላይ ደላላው በሩን በጥቂቱ ከፍቶ ፓስፖርቱን ጭኔ ላይ ወረወረው።

ባለፈው ሳምንት ልብስ ሳሰጣ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ የጎረቤቴን ልጅ ያንኑ ወረቀት ስታነብ ሰማኋት። ቆሻሻ ታወጣለች፣ ልጆች ታደርሳለች፣ ትእዛዝ ትቀበላለች። በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ አቆመችና ከላይ ጀመረች።

እስክሪብቶዬን ይዤ ሄድኩ። እናቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመችበት።

«የራስዎን ልጅ እድል ዘግተዋል፤ የእኔን ይተዉልኝ» አለች።

«እተወዋለሁ። ፓስፖርቷ የት ነው?»

«ኮፒ ሊያስደርገው ወስዶታል።»

«እህል ቀመሰልሽ?»

ልጅቷ ከውስጥ ታነባለች። እናትየዋ ወደ ድምፁ ዞር አለች።

«ጾም ነኝ አለኝ።»