ጉና ላይ ያየሁት ጎተራ

ማክሰኞ፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር

የምሠራበት የመድን ድርጅት የጉናን ተዳፋት ካርታ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቶታል። ተቆጣጣሪው አካል «የአየር ንብረት አደጋ በጨመረበት አካባቢ መድን የምትሰጡ ከሆነ መጠባበቂያ ካፒታላችሁን አሳድጉ» የሚል መመሪያ ልኮልናል። አለቆቼ ይህን ለካሳ የሚቀመጥ ገንዘብ ከማሳደግ ጉናን መተው ቀለላቸው። የእኔ ሥራ ቦታውን አይቼ የገብስ ገበሬዎቹ መድን እንዲቋረጥ መፈረም ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ስለሆንሁ የመረጡኝ ይመስለኛል፤ ክፉ ወሬ ከዘመድ አፍ ይሻላል ብለው።

ሚኒባሱ ወረታ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ትዕግሥቴን ጨረሰው። ደብረ ታቦር ስገባ ግን ኩርፊያዬ ለቀቀኝ። የከተማዬ ብርዷ እንኳ ያኮራኛል።

ረቡዕ፣ ጉና

መኪናው እስከሚሄድበት ሄድሁ፤ ከዚያ በቅሎ ተከራየሁ። «ያገርህ ሰው ነኝ፣ ቀንስልኝ» ስለው ባለበቅሎው «ያገሬ ሰውማ በእግሩ ይወጣል» አለኝ። የጠየቀኝን ከፈልሁ።

የመንደሩን የዘር ጎተራ የሚጠብቁት አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ካርታዬን ዘርግቼ ገብሱን እየደጋገመ ስለሚመታው ውርጭ ላስረዳቸው ስጀምር ሳቁ።

«ውርጩንማ እኛ እንንገርህ፣ ልጄ። ና እይ።»

ጎተራው እስከ አፉ ገብስ ነው። ውርጭ ሰብሉን የበላበት ቤት ለከርሞ ዘር የሚያገኘው ከዚህ ነው።

«ዱሮ በየቤቱ አንድ ቁና እናገባ ነበር። ውርጩ ሲመላለስብን ሁለት አደረግነው፣ ዘንድሮ ሦስት። ለሠርግም ለተዝካርም አይከፈትም። የልጄን ሠርግ ለከርሞ አሸጋገርሁት እንጂ እፍኝ አልነካሁም።»

«ማን አዘዛችሁ?»

«ማን ያዘናል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው እንጂ! እናንተስ አደጋው ሲበዛ ምን ጨመራችሁ?»

መዋሸት አልቻልሁም፤ መድኑን ልናቋርጥ እንደሆነ ነገርኋቸው።

«እኛ ጎረቤታችንን ውርጭ መታው ብለን ከጎተራው አናስወጣም» አሉና በሩን ዘጉ።

አፈርሁ። የእነዚህ ሰዎች ልጅ በመሆኔ ግን እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ባሕር ዳር

ማቋረጫውን ሳልፈርም መለስሁት፤ አደጋ ሲጨምር ቁናውም ይጨምራል የሚለውን የጎተራውን ሕግም ጽፌ አያያዝሁበት። አለቃዬ አንብቦ «ይህን ማን አረቀቀው?» አለ። «የጉና ገበሬዎች» አልሁት። እኔም እስከዚያ ጉዞ ድረስ ሕግ የሚወርደው ከቢሮ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሳምንታት በስብሰባና በጭቅጭቅ ካለፉ በኋላ መጠባበቂያው እንዲጨምር፣ መድኑም እንዲቀጥል ተወሰነ። ለአያ ሞላ ደወልሁላቸው።

«ተመስገን» አሉ። «ስንት ቁና ጨመራችሁ?»

«እጥፍ፣ አያ ሞላ።»

«በሉ እንግዲህ እንዳትነኩት።»