አምስት መስመር፣ ሁሉም በአሥራ ሦስት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አስተባባሪያችን አቶ ክፍሌ የአንዲት ክፍል ቁልፍ ሰጡኝ። ከሰጡኝ በኋላም ዓይናቸው ከቁልፉ አልተነሣም። «የምትከፍተው አንተ፣ የምትዘጋው አንተ። አንድ ነገር ቢጎድል የምጠይቀው ሌላ ሰው የለም» አሉኝ። ክፍሏ ውስጥ ጨርቅ የለበሰ ኮምፒዩተር፣ የማይሠራ ማተሚያና አንድ ወንበር ነበሩ። ለእንግዳ የሚሆን ወንበር አልነበረም።

ቦታው ሞላሌ ነው። መሥሪያ ቤታችን የበግ ክትባት የሚከታተል ትንሽ ፕሮጀክት ነበር። ማዕረጌ የመረጃ ሠራተኛ ነው። በየቀበሌው የሚዞሩት የእንስሳት ጤና ቴክኒሻኖች የትና መቼ ስንት በግ እንደከተቡ በቅጽ ሞልተው ደብረ ብርሃን ወዳለው ዋና ቢሮ ይልካሉ። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ቅጹን በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ ታሰፍረዋለች። እኔ ከድረ ገጹ የእኛን መስመሮች እየለቀምኩ ወደ ኤክሴል ሠንጠረዥ እገለብጥና የሩብ ዓመት ሪፖርት አወጣለሁ።

ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነበር። አንድ ገጽ እስኪከፈት በተበላሸ ሪፖርት ጀርባ ላይ ሁለት ስንኝ እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ኮምፒዩተርም እንደዚያው። አንድ ቀን አቶ ክፍሌ ወረቀቱን አንስተው እስከ መጨረሻው አነበቡትና «ይሄ ደግሞ የየትኛው ቀበሌ ነው?» አሉ።

በእጅ መገልበጡ ሦስት ቀን ይፈጃል። ሰልችቶኝ የፕሮግራሙን ማውጫ ስበረብር ማክሮ የሚባለውን አገኘሁ። ማክሮ እጅህ የሠራውን አይቶ የሚይዝ፣ በኋላ አንድ ቁልፍ ስትነካ ያንኑ የሚደግም የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ትእዛዙን ከፍቼ አነበብኩት፤ ቀጥሎ በራሴ መጻፍ ጀመርኩ። ከሁለት ወር ልፋት በኋላ ድረ ገጹን ራሱ ከፍቶ፣ ሠንጠረዡን ስቦ፣ የእኛን መስመር መርጦ፣ በየወሩ የሚደለድል ማክሮ ወጣኝ።

አስቸጋሪው ቀኑ ነበር። ድረ ገጹ ላይ ቀን የሚጻፈው በቁጥር ነው፤ ቀኑ ይቀድማል፣ ወሩ ይከተላል። ጥቅምት 5 ማለት 5/2 ነው። ኮምፒዩተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው። ሁለተኛው ወር ለእሱ ሠላሳ ቀን ስለሌለው ጥቅምት 30 ሲመጣበት እምቢ ይላል። እምቢ ያለውን ቢጫ እንዲቀባው አዘዝኩት። ቢጫውን እኔ በእጄ አስተካክላለሁ፤ ያልተቀባውን አምነዋለሁ።

አቶ ክፍሌ አላመኑም። «ሦስት ቀን የሚፈጅ ሥራ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ካለቀ ውስጡ አንድ ነገር አለ» አሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን አንድ ጊዜ በእጅ፣ አንድ ጊዜ በማክሮ አሠሩኝና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው በማስመሪያ እየተከተሉ አመሳከሩ። አንድም ልዩነት አላገኙም። ቅር ያላቸው ይመስል ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ሪፖርት በማክሮ ሳብኩ። በቀን ቅደም ተከተል ስደረድረው አምስት መስመሮች ከሁሉም በላይ ተቀመጡ። ካለፈው ዓመት መስከረም እስከ ጥር በየወሩ አንድ ክትባት፣ ሁሉም በአሥራ ሦስት። አምስቱም የአቶ ዘውዴ ነበሩ። የበግ ፈንጣጣ ክትባቱ ግን ወደ ሞላሌ የመጣው በነሐሴ ነው።

አቶ ዘውዴ ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ፣ የክትባቱን በረዶ ሳጥን በትከሻቸው ይዘው ከሁሉም ሩቅ ያሉትን ቀበሌዎች የሚዞሩ ቴክኒሻን ናቸው። ነገር አያበዙም። ያልመጣ ክትባት እንዴት ወጉ? ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ቀን የሚፈጥሩ ሰው ሆነው ታዩኝ። አሥራ ሦስት እግዚአብሔር አብ ነው፤ የሚሳለሙትን ቀን እየደጋገሙ ጻፉት ብዬ ደመደምኩ። ይህን በማስተዋሌ ኮራሁ። ወረቀቱን ይዤ አቶ ክፍሌ ዘንድ የገባሁት ራሴ ነኝ፤ ማንም አልላከኝም።

አቶ ክፍሌ አዩትና በሩን ዘጉ። «ክትባቱስ? ለማን ሸጠው?» አሉ። ስለ መሸጥ እኔ አላሰብኩም ነበር። እሳቸው ግን አሰቡ።

አቶ ዘውዴ ተጠሩ። «ጳጉሜን ነው የከተብኩት። ጭቃው አላሳልፍ ብሎኝ ከሁሉም በኋላ ደረስኩ» አሉ። ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ።

«ይሄንን ትናንት ልትጽፈው ትችላለህ» አሉ አቶ ክፍሌ።

«እንግዲያው በጎቹን ጠይቁ።»

«ዓርብ ግምገማ ነው። እዚያ ትመልሳለህ።»

ዓርብ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሥራ መባረር ነው፣ ክትባቱ ተሸጧል ከተባለ ደግሞ ፖሊስ። አቶ ዘውዴ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። «አንተ ነህ ያገኘኸው?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። «ጎበዝ» ብለው ሄዱ።

አቶ ክፍሌ ሐሙስ ጠዋት ወደ አንደኛው ቀበሌ ላኩኝ። «ምንም ሳትነግራቸው ቀኑን ጠይቃቸው፤ ለየብቻ» አሉ። በማክሮዬ መሠረት እዚያ የተከተበው ኅዳር 13 ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት የደብሩን ቄስ መምሬ ኃይሌን ነው። የበረት አጥር እየጠገኑ ነበር። የተባልኩትን ረስቼ ወሩን ቀድሜ አወጣሁት።

«መምሬ፣ በጎችዎ ኅዳር ላይ ተከትበው ነበር?»

«ኅዳር? ኅዳር አጨዳ ነው እንጂ በግ ማሰለፊያ ነው?»

«ኅዳር አሥራ ሦስት እኮ ነው የሚለው።»

እጃቸውን ከአጥሩ አነሡ። «ደብራችን ማን እንደሆነ ታውቃለህ? እግዚአብሔር አብ ነው። በአብ ቀን ከዚህ ቀዬ ማን በግ ነድቶ ወጥቶ ሲያስወጋ ይውላል? ማነው ያለው?»

«ወረቀቱ ነው።»

«ወረቀቱ የየት አገር ሰው ነው?» አሉና ሳቁ። «የተከተቡት ሩፋኤል ዕለት ነው። ዝናቡ መጣ፤ ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ጠበል ነው እያሉ ሲራወጡ በጎቹ ደንብረው ተበተኑ። ዘውዴ እስኪመሽ ሲያባርር ዋለ። እኔም አባረርኩ፣ ይኸው ጉልበቴ እስከ ዛሬ።»

ሁለት ቤት ጨመርኩ። ሁለቱም ሩፋኤል አሉ፤ ሁለቱም ዝናቡንና የተበተኑትን በጎች አነሡ። ሦስት ሰው አንድ ነገር ሲናገር ደግሞ ተመካክረዋል ብዬ ጠረጠርኩ። አቶ ዘውዴ ቀድመውኝ ያስጠኗቸው መሰለኝ። ይህን እያብሰለሰልኩ መመለሻውን ዳገት ያዝኩ።

ዳገቱ መሐል ቆምኩ። ሩፋኤል ጳጉሜን 3 ነው። በቁጥር ሲጻፍ 3/13።

ኮምፒዩተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ግን እምቢ አላለም። ቀኑን ወር፣ ወሩን ቀን አድርጎ ገልብጦ «ሦስተኛው ወር፣ 13» ብሎ አለፈ። ማክሮዬ ደግሞ ሦስተኛውን ወር ኅዳር ብሎ ደለደለው። በጣቴ ቆጠርኩ። ጳጉሜን 1 መስከረም 13 ሆነ፣ ጳጉሜን 2 ጥቅምት 13፤ እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ። አምስት ቀን፣ አምስት ቀበሌ። ሰውዬው በዝናብ ያለ ዕረፍት የሠሩትን ሥራ በአምስት ወር ላይ በትኜ ሌባ አድርጌአቸዋለሁ። ማክሮውን የሞከርኩት ጳጉሜን በሌለበት ሩብ ዓመት ነው። ቢጫ ያልሆነውን ደግሞ አምኛለሁ።

ቢሮ ደርሼ ድረ ገጹን ራሱን ከፈትኩ። አንድ ስንኝ አልጻፍኩም፤ እስኪከፈት ቆሜ ጠበቅሁ። 1/13፣ 2/13፣ 3/13፣ 4/13፣ 5/13። ጸሐፊዋ በትክክል አስፍራዋለች።

ወዲያው ለአቶ ክፍሌ ነገርኳቸው። «ስህተቱ የማሽኑ ነው የአንተ?» አሉ። «የኔ ነው። ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።» «እና ማሽኑን ጳጉሜን ማለት ምን እንደሆነ ሳትነግረው ሰው አስከሰስክበት?»

ዓርብ ግምገማው ላይ ከአቶ ዘውዴ በፊት ተነሥቼ ተናገርኩ። አምስቱን ቀን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ በስተግራ ድረ ገጹ ያለውን፣ በስተቀኝ የእኔ ማክሮ ያደረገውን። ክሱ ተነሣ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ፤ የዚያ ዓመት የደረጃ ዕድገትም ቀረብኝ። አቶ ክፍሌም የሽያጩን ነገር ዳግመኛ አላነሡም፤ ይቅርታም አልጠየቁም።

እኔ ጠየቅሁ። አቶ ዘውዴ ሳጥናቸውን እያጠቡ ነበር። «መምሬ ጉልበታቸውን ነገሩህ?» አሉኝ። ነገሩኝ አልኩ። «በጎቹ ላይ ወደቁ እኮ፤ እሱን አልነገሩህም» አሉና ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ ግን በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ እየመጡ ከኋላዬ ይቆማሉ። «የኔን አሳየኝ» ይላሉ። መስመራቸውን አንድ በአንድ ከደብተራቸው ጋር ያመሳክራሉ። እስከ ለቀቅሁበት ቀን ድረስ አላመኑኝም። ሁለተኛ ወንበር ያስገባሁት ለእሳቸው ነው።

ዛሬ ሌላ ቦታ ይህንኑ ሥራ እሠራለሁ። ማክሮ እምቢ ያለውን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ እኔ የምፈትሸው ዝም ብሎ የተቀበለውን ነው። ሠንጠረዡን ለማንም ከማሳየቴ በፊት ሦስት መስመር መርጬ ከድረ ገጹ ጋር በጣቴ አመሳክራለሁ። ጳጉሜን ካለበት አንዱ የጳጉሜን ነው።