የመጀመሪያዋ ፍሬ

ትናንት ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ፣ ሜልቦርን ዳርቻ፣ ታርኔት ከባቡር ወርጄ ቤቴ ስደርስ፣ ገና ቁልፉን ሳላዞረው የቦሎቄ ንፍሮ ሽታ በበሩ ሥር ወጥቶ ተቀበለኝ። ለሌላው ሰው ይህ ሽታ ምን እንደሚለው አላውቅም፤ ለእኔ ግን የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ ሰው አለ። ይህን በሰማሁ ቁጥር፣ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ፣ የድሮው ቅናቴ ቀድሞኝ ይገባል።

ልጅ ሳለሁ እኔና እናቴ ብቻችንን ኖርዝ ሜልቦርን፣ ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ ከከተማው ማዶ ዳንደኖንግ፣ የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ሲመሻሽ ጣቶቿ በቅዝቃዜው ቀልተው ትመለሳለች፤ እኛ ቤት ቦሎቄ የሚገባው በቆርቆሮ ታሽጎ ነው። ከእኛ ሁለት በር አለፍ ብሎ ግን ጓደኛዬ ሰናይትና እናቷ እትዬ አበበች ነበሩ። እትዬ አበበች ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት አይወጡም፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረውን ቦሎቄ ከቀትር በኋላ ይጥዱና፣ እኛ ከትምህርት ቤት ተመልሰን ሊፍቱ ሲከፈት ኮሪደሩ በሙሉ በሽታው ታውዶ ይጠብቀናል።

ምድጃው አጠገብ ወንበር አስጠግተው ይቀመጣሉ። ውሃው ሲጎድል ትኩስ ውሃ ይጨምሩበታል፤ ቀዝቃዛ ከነካው ይደነግጣል እያሉ ቦሎቄውን እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚጠነቀቁለት። ሊበስል ሲል በማንኪያ አንዲት ፍሬ ያወጡና፣ እፍ እፍ ብለው አብርደው፣ ሰናይትን ያጎርሷታል። እሷ "በስሏል" ካላለች ጨው አይገባም። ሰናይት ደግሞ ሥልጣኗን ታውቃለች፤ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ እንደ ዳኛ ቀስ ብላ ታኝካለች።

"ብዪ እንጂ ልጄ፣ ምነው ፊትሽን አጠቆርሽው?" ይሉኛል እትዬ አበበች፣ ሳህኔን እየሞሉ። የጎደለኝ ንፍሮ መስሏቸው ይደግሙልኛል፤ ሆዴ ይጠግባል፣ ቅናቴ አይጠግብም። እኔ የቀናሁት በዚያ ወንበር፣ ወንበሩም ላይ ሰው በመኖሩ ነበር። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ፤ የእኔ አጥንት እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ መቆሙ ይገርመኛል።

አንድ ቀን እናቴን "እኛም ቦሎቄ እንቀቅል" ብዬ ነዘነዝኋት። ምስኪን፣ ከፋብሪካ እንደገባች ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ጣደችልኝ፤ ሳትዘፈዝፈው፣ ጨዉንም ከመቸኮሏ የተነሳ ገና ከመጀመሪያው ጨምራበት። እሷም ወንበር አስጠግታ ተቀመጠች፤ ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም፣ ወዲያው እንቅልፍ ጣላት። ቦሎቄው ጠጠር እንደሆነ ቀረ። እኔም የቆርቆሮዬን እየበላሁ በሰናይት እጥፍ ድርብ ቀናሁ።

እትዬ አበበች ካረፉ ቆይተዋል፤ ሰናይትም አግብታ ሌላ ከተማ ገብታለች፤ በዚያ ፎቅ በኩል ሳልፍ የእኛን መስኮት ከሌላው መለየት ያቅተኛል። እናቴ ግን፣ ተመስገን፣ ጡረታ ወጥታ ከእኔ ጋር ናት።

ትናንት በሩን ከፍቼ ስገባ ምድጃው አጠገብ ወንበር አስጠግታ ተቀምጣለች። ልጄ ሶልያና የአያቷን ጉልበት ተደግፋ ቆማለች።

"እማማ፣ ኢዝ ኢት ሬዲ?"

"ቆይ የኔ እናት፣ ቦሎቄ አይቸኮልም። አንዴ ቸኩዬ ጉድ ሠርቶኛል።"

ከዚያ አንዲት ፍሬ በማንኪያ አወጣች፤ እፍ እፍ አለችና ልጄን አጎረሰቻት። ሶልያና ቀስ ብላ አኘከች። እኔ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ በገዛ ልጄ ቀናሁ፤ ያውም ክፉኛ። የሰናይቱ እንኳ እንዲህ አላቃጠለኝም፤ የሰናይት እናት የሰው እናት ነበሩ፣ ይቺ ግን የእኔ ናት።

"እማዬ፣ ለእኔስ?" አልኩ፤ ቀልድ ላስመስለው ብል አልሆነልኝም።

እናቴ ዞር ብላ ብዙ አየችኝ። "ያኔ መቼ ቁጭ ብዬ አውቄ፣ ልጄ" አለች።

ጨዉን ጨመረች፤ ትልቁን ሳህን አነሳችና እስኪፈስ ሞልታ ሰጠችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ጥርግ አድርጌ በላሁት፤ እንዴት ይጣፍጥ ነበር! የመጀመሪያዋን ፍሬ ግን ልጄ በልታታለች።